ዝምታ መለኪያ ይሆናልን? ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የዞሩ የግንዛቤ ተግባራት ብያኔ ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ አንጻር

በሥነ ልቦና ሙያ ውስጥ የተወለዱት «ኢንትሮቨርት» እና «ኤክስትሮቨርት» የተባሉት ቃላት ዛሬ ከሙያው አጥር ወጥተው የዕለት ንግግር አካል ሆነዋል። በአማርኛ ሲነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው «ዝምተኛ» ወይም «ዓይን አፋር»፣ ሁለተኛው ደግሞ «ተጫዋች» ወይም «ከሰው ተግባቢ» ለማለት ይውላሉ። ቃላቱ በዚህ ትርጉም ለወግ ቢያገለግሉ የሚጎዱት ነገር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ተማሪን ለማማከር፣ የጥናት መጠይቅ ለማዘጋጀት ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ ለመቅረጽ በዚሁ ትርጉማቸው ሲወሰዱ ነው። ከዳባት ወይም ከጃናሞራ መጥቶ በክፍል ውስጥ እጁን የማያነሣ ወጣት «ወደ ውስጥ የዞረ ስብእና አለው» ተብሎ ቢመዘገብና የትምህርት ክፍል ምርጫው በዚሁ ቢመራ፣ የተመዘገበው የአእምሮው አሠራር ሳይሆን አስተዳደጉ ሊሆን ይችላል። ታላቅ ሲናገር ታናሽ እንዲያዳምጥ፣ «አንቱ» በሚባል ሰው ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ እንዲገባ ያስተማረው ቤቱ ነውና።

ከዚህ የተነሣ ስለ ሰዎች ከመነጋገር በፊት ስለ ተግባራት መነጋገር ያስፈልጋል። ወደ ውስጥ የዞረ የግንዛቤ ተግባር ማለት ምን ማለት ነው? ወደ ውጭ የዞረውስ? ብያኔው በትክክል ከተያዘ የንግግር ብዛትና ማነስ በውስጡ ቦታ እንደሌለው በግልጽ ይታያል።

የዩንግ ብያኔ

የምደባው ምንጭ የስዊስ የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታፍ ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 በጀርመንኛ ያሳተመው «ሥነ ልቦናዊ ዓይነቶች» የተሰኘው መጽሐፍ ነው፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ1923 ወጣ። ዩንግ ወደዚህ መጽሐፍ የደረሰው ራሱን አርሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሙኒክ በተደረገ ጉባኤ ላይ ሁለቱን ዝንባሌዎች ባቀረበበትና በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት፣ ወደ ውስጥ መዞርን ከማሰብ፣ ወደ ውጭ መዞርን ከስሜት ጋር አንድ አድርጎ ይመለከት ነበር። በ1921ዱ መጽሐፍ ግን ሁለቱን ነገሮች ለያያቸው። ተግባር አንድ ነገር ነው፤ ተግባሩ የሚዞርበት አቅጣጫ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ መለያየት በኋላ ማሰብ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ሊዞር ይችላል፤ ሌሎቹም እንዲሁ።

ዩንግ የሚቆጥራቸው ተግባራት አራት ናቸው። ሁለቱ ፈራጅ ናቸው፦ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በጽንሰ ሐሳብ የሚያያይዘው ማሰብ እና ነገሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚመዝነው ተግባር። ሁለቱ ደግሞ ተቀባይ ናቸው፦ ያለውን ነገር በሕዋሳት የሚቀበለው እና ነገሩ ከየት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚያመራ በፍንጭ የሚይዘው፣ በተለምዶ «ኢንቱይሽን» የሚባለው። አራቱ በሁለት አቅጣጫ ሲባዙ ስምንት ይሆናሉ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አይከፋም። «የግንዛቤ ተግባራት» የሚለው መጠሪያ ዩንግን ተከትለው የጻፉ ሰዎች ያስፋፉት ነው፤ እርሱ «ሥነ ልቦናዊ ተግባራት» ነበር የሚላቸው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ስለ ግንዛቤ ተግባር ሲናገር ትኩረትን፣ ትውስታንና ጊዜና ቦታን የመለየት ችሎታን ማለቱ ነው። ሁለቱ አጠቃቀሞች ከስም በቀር የሚያገናኛቸው ጥቂት ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገናኙ የትኛው እንደ ተፈለገ መነገር አለበት።

አቅጣጫን የሚወስነው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተግባሩ የሚገዛለት መለኪያ ከየት ይመጣል? መለኪያው ከሚታየው ነገር፣ ከተጨባጩ ሁኔታ፣ ሰዎች በጋራ ከተቀበሉት ሥርዐት የሚመጣ ከሆነ ተግባሩ ወደ ውጭ ዞሯል። መለኪያው ነገሩ በተመልካቹ ውስጥ ከቀሰቀሰው አሻራ፣ ከራሱ ሐሳብ ወይም ከራሱ የዋጋ ሚዛን የሚመጣ ከሆነ ተግባሩ ወደ ውስጥ ዞሯል። ወደ ውስጥ የዞረ ተግባርም ነገሩን ያያል፤ ዐይኑን አልጨፈነም። ልዩነቱ በመጨረሻ የሚፈርደው ማን እንደ ሆነ ላይ ነው።

የዩንግ ምሳሌዎች ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያሳያሉ። ወደ ውጭ ለዞረ ማሰብ ዳርዊንን፣ ወደ ውስጥ ለዞረው ካንትን ይጠቅሳል። ዳርዊን የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል በዳውን መንደር በሚገኘው ቤቱ፣ ከሕዝብ መድረክ ርቆ፣ በሕመምና በጥናት ያሳለፈ ሰው ነበር። ካንት በበኩሉ በኬኒግስበርግ በምሳ ማዕዱ እንግዶችን ሰብስቦ መጨዋወት የሚወድ ሰው ነበር። በተለምዶው መለኪያ ቢሆን ቦታቸው ይለዋወጥ ነበር። ዩንግ ግን ያየው የዳርዊን ሐሳብ በተሰበሰበ ማስረጃ ፊት የሚቆም መሆኑን፣ የካንት ሐሳብ ደግሞ የዐዋቂውን አእምሮ ራሱን መነሻ ማድረጉን ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክን ለሚያጠኑ ሰዎች ይበልጥ የሚስበው የመጽሐፉ መጀመሪያ ምዕራፍ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ የካርታጎውን ተከራካሪ ጠርጡልያኖስን ወደ ውስጥ የዞረ፣ የእስክንድርያውን ሊቅ ኦሪጀንን ወደ ውጭ የዞረ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ጠርጡልያኖስ በብዕሩ ጩኸት የታወቀ ሰው መሆኑን ላሰበ፣ ዝምታ መለኪያ እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ቅኔ ቤትና ማሰብ

ለጎንደር አንባቢ ይህን ልዩነት በቅርብ የሚያሳየው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ቅኔና አገባብ ከሰማ በኋላ ከጓደኞቹ ፈቀቅ ብሎ፣ በደበሎው ወይም በነጠላው ተሸፍኖ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። ከዚያ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ደግሞ መንገር ነውር ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህን ትዕይንት ወደ ውስጥ የመዞር ምሳሌ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

ሆኖም በአንድ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎችን ማሰብ ይቻላል። አንደኛው እያንዳንዱን ቤት በልኩ ይመዝናል፤ ጉባኤ ቃናው በሁለት፣ መወድሱ በስምንት ቤት መቆሙን፣ ግሡ ከሰዋስው ጋር መስማማቱን፣ የጠቀሰው ታሪክ በመጽሐፍ መገኘቱን፣ ምስጢሩ ከበዓሉ ጋር መግጠሙን ይፈትሻል። «ይህ ያስኬዳልን? ከቀደሙት መምህራን እንዲህ ያለ የነገረ አለን?» እያለ ይጠይቃል። መምህሩ «አያስኬድም» ቢለው ያለ ቅሬታ ይተወዋል፤ ስሕተቱን ያሳየው ከእርሱ ውጭ ያለ ሥርዐት ነውና። ሁለተኛው ከአንድ ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ ቀድሞ በውስጡ ቆሟል፤ ሰሙን፣ ታሪኩንና ቃላቱን የሚፈልገው ለዚያ ሐሳብ ልብስ እንዲሆኑለት ነው። መምህሩ የግሡን ስሕተት ሲያርመው እርማቱን ይቀበላል፤ ሐሳቡን ግን አይለቅም፤ በማግሥቱ በሌላ ሰም አልብሶ ይዞት ይመጣል። ሁለቱም ዝም ብለዋል፣ ሁለቱም ተሸፍነዋል፣ ሁለቱም ያስባሉ። የአንደኛው ማሰብ ወደ ውጭ፣ የሁለተኛው ወደ ውስጥ የዞረ ነው። ዩንግ የሁለቱንም ድካም ይናገራል፦ የመጀመሪያው በሕግና በማስረጃ ብዛት ሊታነቅ፣ የሁለተኛው እውነታውን በሐሳቡ መጠን ሊቀድ ይችላል።

ተቃራኒው ምሳሌ ጎንደር በስሙ የሚታወቅበት አቋቋም ነው። በጥምቀት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ በሕዝብ መካከል የሚያሸበሽብ ደብተራ ከዛፉ ሥር ከተቀመጠው ተማሪ ይልቅ «ወደ ውጭ የዞረ» አይባልም። የሚታየው የሥርዐቱ ቅርጽ ነው፤ የሰውየው ሚዛን በዚያ አይታወቅም።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለአንድምታ ትርጓሜም ያስፈልጋል። አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ሌላ መንገድ የሚከፍተው የትርጓሜ ስልት፣ ከአንድ ነገር ብዙ ዕድል ከሚያየው፣ ወደ ውጭ ከዞረ ኢንቱይሽን ጋር በጣም ይመሳሰላል። መመሳሰሉ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። በላይ ቤትም ሆነ በታች ቤት ወግ የሚማረው ተማሪ አንድምታውን የሚቀበለው ከመምህሩ ቃል ነው፤ በቃሉ ይይዘዋል፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልሳል። ስልቱ መጀመሪያ ሲፈጠር የሠራው ተግባርና ዛሬ ተማሪው ሲቀጽለው የሚሠራው ተግባር አንድ መሆን የለባቸውም።

ሦስቱ ሌሎች ተግባራት

በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብስ ለመዝራት ሰማይ የሚያይ ገበሬ የሕዋሳትን ተግባር ለማሳየት ይመቻል። አንዱ ወደ ማሳው ወርዶ አፈሩን በእጁ ይፈረፍራል፤ እርጥበቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የደመናውን መልክ እንዳለ ይቀበላል፤ ዛሬ ያየው ዛሬ ለሚሠራው ይበቃዋል። ይህ ወደ ውጭ የዞረ ነው። ሌላው ያንኑ ደመና ሲያይ ከደመናው ይልቅ ደመናው በውስጡ የቀሰቀሰው ነገር ይበልጥበታል፤ «ይህ ሰማይ ደስ አይልም» ይላል፣ ምኑ ደስ እንደማይል ግን በቀላሉ አያስረዳም። ብዙ የዘመኑ ጸሐፊዎች ይህን ሁለተኛውን ተግባር «ትውስታ» ወይም «ወግ አክባሪነት» ብለው ያሳጥሩታል። ዩንግ የጻፈው ከዚያ ይለያል፤ ዋናው ነገር ስሜት-ቀስቃሹ በተመልካቹ ላይ ያሳረፈው አሻራ ብርታት ነው። ያለፈ ዘመን መታወስ ከአሻራው ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ብያኔው ግን በእርሱ ላይ አይቆምም።

የመመዘን ተግባር በሽምግልና ላይ ይታያል። ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ ነገሩን የሚመዝነው በቦታው ያሉት ሁሉ በሚያውቁት ክብርና ነውር ከሆነ፣ ለማን ምን ካሣ እንደሚገባ፣ ማን ተነሥቶ ማንን ይቅር በለኝ ማለት እንዳለበት የጋራው ሚዛን ይነግረዋል። ይህ ወደ ውጭ የዞረ ምዘና ነው፤ ሽማግሌው አራት ቃል ብቻ የሚናገር ሰው ቢሆን እንኳ። ከአጠገቡ የተቀመጠው ሌላ ሽማግሌ ዕርቁ ወርዶ፣ ሁሉም ተመርቆ ከተነሣ በኋላ «ልቤ አልተቀበለውም» ሊል ይችላል። የጣሰው ሥርዐት የለም፤ የጎደለ ካሣም አይጠቅስም። ሆኖም በውስጡ ያለው ሚዛን ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። በሽምግልና ልምድ እንዲህ ያለው ሰው አስቸጋሪ ተደርጎ መታየቱ አይቀርም፤ አንዳንዴ ግን ዕርቁ ከዓመት በኋላ ሲፈርስ የፈረሰበትን ስንጥቅ ቀድሞ ያየው እርሱ ይሆናል።

ስለ ኢንቱይሽን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንድ ዕቃ ገና ሳይፈለግ ሊፈለግ መሆኑን የሚያሸት ነጋዴ ወደ ውጭ ለዞረው በቂ ምሳሌ ነው። ወደ ውስጥ ለዞረው ዩንግ ባለ ራእዮችንና ሠዓሊዎችን ይጠቅሳል፤ እነርሱ የሚከተሉት ፍንጭ ከገበያው ሳይሆን በውስጣቸው ከሚነሣው ምስል ነው።

አንድ ሰው እነዚህን ተግባራት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይጠቀምባቸውም። ዩንግ እንደሚለው መሪው ተግባር በንቁ አእምሮ አንዱን አቅጣጫ ሲይዝ፣ ያልዳበረው ተግባር በንቃት ሥር ሆኖ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በመካከላቸው ያለው ረዳት ተግባር ወዴት ይዞራል በሚለው ላይ ግን ተከታዮቹ አልተስማሙም። ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ረዳቱ ከመሪው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚዞር አድርጋ አነበበችው፤ የማየርስና ብሪግስ መጠይቅ አራተኛው ፊደል የተመሠረተው በዚህ ንባብ ላይ ነው። ዩንግ ረዳቱ በጠባዩ ከመሪው የሚለይ መሆኑን ጽፏል፤ ልዩነቱ አቅጣጫንም ይጨምራል ብሎ በማያሻማ ቃል ስላላስቀመጠ ክርክሩ አልተዘጋም። ለተማሪ የሚጠቅመው ነገር አጭር ነው፦ «ኢንትሮቨርት» የተባለ ሰው ወደ ውጭ የዞረ ተግባር የለውም ማለት በየትኛውም ንባብ ስሕተት ነው።

ሕዝብን መመደብ

የአማራን ሕዝብ ባህል ያጠኑ ሰዎች ሥራ በዚህ ምደባ ለመጠቀም የሚጋብዝ ነገር አለው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የመንዝንና የጎንደርን ቅርስ አነጻጽሯል፤ ሰምና ወርቅንም ከቅኔ አውጥቶ የሕዝቡን የአነጋገርና የኑሮ ዘይቤ መረዳት የሚቻልበት ቁልፍ አድርጎታል። ከዚህ ተነሥቶ «ወርቁን የሚሸሽግ ባህል ወደ ውስጥ የዞረ ባህል ነው» ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራል። እርምጃው ግን ወደ ገደል ነው። በሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማን ምን እንደሚሰማ፣ የትኛው ቃል የትኛውን ጆሮ እንደሚነካ በየቅጽበቱ መከታተል አለበት። ይሉኝታም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኛል» ከሚለው የተነሣ ስለሆነ መለኪያውን በሌሎች ዐይን ውስጥ ያስቀምጣል። በዩንግ ብያኔ ሁለቱም ወደ ውጭ ከዞረ ተግባር ጋር ሊሄዱ ይችላሉ፤ ላይሄዱም ይችላሉ። መሸሸግና ወደ ውስጥ መዞር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዩንግ ራሱ ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ በኤልጎን ተራራ አካባቢ ቆይቷል። ስለ አፍሪካውያን በጻፋቸው ቦታዎች «ያልተለያየ»፣ «የወል» አእምሮ እያለ ሕዝብን በጅምላ ይገልጻል። የግለሰብን ልዩነት ለማሳየት የቀረጸውን መሣሪያ ግለሰብን ለመሰረዝ ተጠቀመበት ማለት ይቻላል። መሣሪያውን የሚወስድ ተመራማሪ ይህን አብሮ መውሰድ የለበትም።

የመለካት ጣጣ

ከዩንግ በኋላ ቃላቱ ሁለት መንገድ ሄዱ። ሃንስ አይዘንክ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ «ኤክስትራቨርሽን» የሚለውን ቃል ተግባቢነትንና ሕያውነትን በመጠን የሚለካ ጠባይ አደረገው፤ የዛሬዎቹ የአምስት ዐቢይ ጠባያት መለኪያዎችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። የማየርስና ብሪግስ መጠይቅ፣ መመሪያው በ1962 የታተመው፣ ሰዎችን በዓይነት መመደቡን ያዘ። ማክሬና ኮስታ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን መጠይቅ ሲመረምሩ አራቱ ሚዛኖቹ ከአምስቱ ጠባያት ከአራቱ ጋር መዛመዳቸውን፣ ሰዎች ግን በእውነት በሁለት ጎራ መከፈላቸውን የሚደግፍ ነገር አለመገኘቱን ጻፉ። ፒተንገር በ1993 ባቀረበው ግምገማ በአምስት ሳምንት ልዩነት ብቻ መጠይቁን ደግመው ከሞሉ ሰዎች እስከ 50 በመቶ የሚደርሱት ወደ ሌላ ዓይነት ሊዛወሩ እንደሚችሉ አመለከተ። ሬይኒርስ በ2009 የመሪና የረዳት ተግባራትን ቅደም ተከተል የሚገልጸው ንድፈ ሐሳብ በማስረጃ እንደማይደገፍ ተከራከረ። እንግዲህ ስምንቱ ተግባራት እንደ ተረጋገጠ የአእምሮ ክፍፍል ሊቀርቡ አይችሉም። የሚያገለግሉት ሰው እንዴት እንደሚፈርድ ለመጠየቅ እንደሚረዳ የቃላት ሥርዐት ነው። ተማሪን ለትምህርት ክፍል ወይም ሠራተኛን ለሥራ ለመምረጥ ማዋል በምንም ማስረጃ አይደገፍም።

በአማርኛ መጠይቅ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ደግሞ የራሱ ሸክም ይጠብቀዋል። «በእንግዶች መካከል ብዙ አልናገርም» የሚል ዐረፍተ ነገር በደጋው አስተዳደግ ጨዋነትን ይለካል። «የራሴን ሐሳብ ከሌሎች አስቀድማለሁ» የሚል ደግሞ ትሕትናን ይፈትናል። ወደ ብያኔው የሚቀርበው በቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው በቅርቡ የወሰነውን አንድ ነገር እንዲያነሣ ይደረግና «ትክክል መሆንዎን በምን ዐወቁ?»፣ ቀጥሎም «ምን ቢያዩ ወይም ምን ቢሰሙ ሐሳብዎን ይለውጡ ነበር?» ይባላል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። መልሱ ወደ ማስረጃ፣ ወደ ሰው ወይም ወደ ሥርዐት ከጠቆመ አንድ ነገር ነው፤ «ቢነግሩኝም አልለውጥም፣ ራሴ ካላመንሁበት» ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ተናጋሪው መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢሰጥም በግማሽ ሰዓት ወግ ቢሰጥ ለውጥ አያመጣም።

የስያሜውም ነገር ከዚህ ያልቀለለ ነው። «ስሜት» የሚለው ቃል ከ«ሰማ» የወጣ ሆኖ በአማርኛ ሦስት ነገር ይሸከማል፦ በሕዋሳት መቀበልን፣ ደስታና ኀዘንን፣ እንዲሁም ነገርን በልብ መመዘንን። ዩንግ ከእነዚህ የመጀመሪያውን አንድ ተግባር፣ ሦስተኛውን ሌላ ተግባር ያደርጋል፤ መካከለኛውን ከተግባር አይቆጥርም። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተተረጎሙ ከስምንቱ አራቱ ተደበላለቁ ማለት ነው። ኢንቱይሽንን «ውስጠ-ዕውቀት» ብሎ መተርጎምም እንዲሁ ያሰናክላል፤ ስሙ ራሱ «ውስጥ» ካለ ወደ ውጭ የዞረው ኢንቱይሽን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ይመስላልና። «ሕዋሳዊ ቅበላ»፣ «የልብ ምዘና»፣ «ፍንጭ መያዝ» የሚሉት ለጊዜው ከጉድለታቸው ጋር የተሻሉ ናቸው። በመጠይቅ ትርጉም ሥራ የተለመደው ዘዴ፣ ማለትም የአማርኛውን ትርጉም ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግ፣ ይህን ስሕተት አያጋልጥም። መላሹ «ስሜት»ን ሲያገኝ ያለ ችግር ወደ ተለመደው የእንግሊዝኛ ቃል ይመልሰዋል፤ ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ይመሳሰላሉ፤ መካከል ላይ ያለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግን ለደባርቁ ገበሬና ለጎንደሩ ተማሪ ሌላ ጥያቄ ሲጠይቅ ይኖራል።